«በሟች አባትሽ ስም ገንዘብ ተገኝቷል» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረው አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ወስደን አዲስ አበባ ቀብረነዋል። አባዬ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ነው የመጣው። መጀመሪያ የገባው ዳላስ ነበር። ከዚያ ወደ ዲሲ መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፓርኪንግ ሠራ።

ባለፈው ወር በእሱ ስም አንድ ደብዳቤ መጣ። የላከው ድርጅት «በስምዎ ከ4,000 ዶላር በላይ አግኝተናል፤ ውሉን ፈርመው ይላኩልን፤ ከገንዘቡ 30 በመቶ የእኛ ነው» ይላል። ገንዘቡ የት እንዳለ አይናገርም። ወንድሜ «ከምንም 70 በመቶው ይሻላል፤ ፈርሚና ላኪው» ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደግሞ «ሌቦች ናቸው፤ ቀደሽ ጣይው» አለችኝ። እናቴ አዲስ አበባ ናት። አባዬ ኑዛዜ አልተወም። ገንዘቡ እውነት ካለ ራሳችን ማውጣት እንችላለን? የአባዬ ስም ደግሞ በየወረቀቱ ላይ የተለያየ ነው፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ እኔም አላውቅ።

እህትዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

አትፈርሚ። ደብዳቤውንም አትቅደጂው።

ገንዘቡ እውነት ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ይሁን አሠሪ፣ ኢንሹራንስ ይሁን የመብራት ድርጅት፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ባለቤቱ ሲጠፋበት ገንዘቡን የራሱ ማድረግ አይችልም። ሕጉ የወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ለስቴቱ መንግሥት ማስረከብ ግዴታው ነው። ጊዜው እንደ ስቴቱና እንደ ገንዘቡ ዓይነት ይለያያል። ላልተመነዘረ የደመወዝ ቼክ በብዙ ስቴቶች 1 ዓመት ነው። ለባንክ አካውንት አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 5 ዓመት ነው። ስቴቱ ገንዘቡን ተረክቦ የባለቤቱን ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ያወጣል። በእንግሊዝኛ «አንክሌምድ ፕሮፐርቲ» የሚሉት ይኼ ነው። 50ዎቹም ስቴቶችና ዲሲ ይህን የሚሠራ ቢሮ አላቸው። የቢሮዎቹ አገር አቀፍ ማኅበር እንደሚለው በአሜሪካ ከ7 ሰው አንዱ እንዲህ ያለ ገንዘብ አለው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ደግሞ ጊዜው አይቃጠልም። ባለቤቱ ወይም ወራሹ ከ20 ዓመት በኋላም ቢመጣ ይከፈለዋል።

ደብዳቤውን የላከልሽ ድርጅት ያንን መዝገብ አንብቦ ነው የመጣው። ሥራቸው ይኼ ነው፤ ስም ይለቅማሉ፣ ሰው ይፈልጋሉ፣ ድርሻ ይቆርጣሉ። በብዙ ስቴቶች በሕግ የተፈቀደ ሥራ ስለሆነ ሌቦች ናቸው ብዬ አልፈርድባቸውም። ግን የሚሠሩልሽን ሥራ አንቺ በነፃ መሥራት ትችያለሽ። ስቴቱ ለፍለጋውም ለክሌሙም (ገንዘቡ ይሰጠኝ ብሎ ለመጠየቁም) አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ገንዘቡ የት እንዳለ ያልነገሩሽም ለዚህ ነው። ስቴቱን ቢጽፉልሽ አታስፈልጊያቸውም ነበር።

ከ4,000 ዶላር 30 በመቶው 1,200 ዶላር ነው። አባትሽ 1,200 ዶላር ለማጠራቀም ስንት ሌሊት በብርድ ፓርኪንግ ላይ እንደቆሙ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ደግሞ እወቂው፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከ10 በመቶ በላይ እንዳይወስዱ በሕግ ከልክለዋል። ዋሽንግተን ስቴት ከ5 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የአባትሽ ገንዘብ ቴክሳስ ከሆነ ያ ውል ሕጉ ከሚፈቅደው ሦስት እጥፍ ይጠይቃል ማለት ነው።

ደብዳቤውን አትጣይው ያልኩሽ በሌላ ምክንያት ነው። ፖስታውን አውጪና የአባትሽ ስም እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ተመልከቺው። ድርጅቱ ስሙን ያገኘው ከመዝገቡ ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይም እንደዚያው ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የድሮ አድራሻ ከጠቀሰ ደግሞ ስቴቱንም አገኘሽው። ፍለጋሽን ከዚያ ጀምሪ።

አሁን የት ነው የምትፈልጊው? የመጨረሻ ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ገንዘቡ ሜሪላንድ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 ቴክሳስና ኒው ጀርሲ በተከራከሩበት ጉዳይ በወሰነው መሠረት፣ ገንዘቡ የሚሄደው ገንዘቡን የያዘው ድርጅት መዝገብ ላይ ያለው የባለቤቱ የመጨረሻ አድራሻ ወደሚገኝበት ስቴት ነው። አባትሽ ዳላስ እያሉ የከፈቱት የቁጠባ አካውንት ካለና አድራሻውን ካልቀየሩ፣ ባንኩ የሚያውቃቸው ዳላስ ነው። አድራሻ ጭራሽ ካልተመዘገበ ደግሞ ኩባንያው በሕግ የተቋቋመበት ስቴት ይረከበዋል። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የተመዘገቡት ደላዌር ስለሆነ፣ አባትሽ ኖረውበት ባያውቁም ደላዌርን መፈተሽ አይከፋም። ኪራያቸውን በማኒ ኦርደር ይከፍሉ ከነበረ፣ ያልተመነዘረ ማኒ ኦርደር የሚሄደው ወደተገዛበት ስቴት ነው።

ስለዚህ ቴክሳስ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ደላዌር ግቢ። ለጥቂት ወራትም ቢሆን ሌላ ቦታ ኖረው ከሆነ እዚያም ግቢ። «ሚሲንግ መኒ ዶት ኮም» የሚባለው ገጽ የብዙ ስቴቶችን መዝገብ በአንድ ላይ ይፈልግልሻል። የስቴቶቹ ቢሮዎች ማኅበር ራሱ የሚደግፈው ስለሆነ አትፍሪው። ግን በእሱ ብቻ አታቁሚ፤ እዚያ ያልወጣ ስም በስቴቱ በራሱ ገጽ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። «አንክሌምድ ዶት ኦርግ» የሚለው የማኅበሩ ገጽ ወደየስቴቱ ትክክለኛ ቢሮ ይመራሻል። ከዚያ ግቢ የምልሽ የቢሮው ስም በየስቴቱ ስለሚለያይ ነው። ሜሪላንድና ቴክሳስ ኮምፕትሮለሩ (የስቴቱ የሂሳብ ኃላፊ) ጋ ነው፣ ቨርጂኒያ ግምጃ ቤቱ ጋ ነው፣ ዲሲ ደግሞ በዋና ፋይናንስ ኃላፊው ሥር ነው። ጉግል ላይ ዝም ብለሽ ከፈለግሽ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ማስታወቂያ የከፈለ ሊሆን ይችላል።

አሁን የስሙ ጉዳይ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ብዙ ወገኖቻችን ስማቸው መዝገቡ ላይ እያለ «ፈለግኩ፣ የለም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የአሜሪካ ኮምፒውተር ደግሞ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ነው የሚያውቀው። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባታቸውን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይጽፋል፣ ሌላው የአያታቸውን። ሦስተኛው የራሳቸውን ስም መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ወልደገብርኤል የሚባል ሰው ውሰጂ። ባንኩ አንድ ላይ ይጽፈዋል፣ አሠሪው ለሁለት ይከፍለዋል። ለሁለት ሲከፈል «ወልደ» የመካከል ስም ይሆንና «ገብርኤል» ብቻውን ይቀራል። አገር ቤት እንደለመድነው በእዝባር ያሳጠሩትን ደግሞ ኮምፒውተሩ እዝባሯን ይጥልና አንድ ፊደል ብቻ ይተርፋል። «ወልደ» ራሱ ከደብልዩ ቀጥሎ በኦ ይጻፋል፣ በኢም ይጻፋል። «ቀ» በኬ ወይም በኪው ይመጣል። «ፀ» በቲ-ኤስ፣ በኤስ ብቻ ወይም በቲ ብቻ ይመጣል። ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸው በአንድ መስመር ብቻ ተጽፎ የመጡ ሰዎች ደግሞ በመጀመሪያ ስም ቦታ ኤፍ-ኤን-ዩ የሚሉ ሦስት ፊደሎች ተለጥፈውባቸው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው።

ስለዚህ ወረቀት ያዢና የአባትሽ ስም በሕይወታቸው ሊጻፍ የሚችልበትን ሁሉ ዘርዝሪ። የራሳቸውን ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ አስገቢ። የአባታቸውን አስገቢ። የአያታቸውን አስገቢ። የመጀመሪያ ስሙን ሳጥን ባዶ ትተሽ ሞክሪ። ገጹ ከፈቀደልሽ የስሙን የመጀመሪያ አራት አምስት ፊደሎች ብቻ ጻፊ። የወጣውን ዝርዝር በአድራሻ ለዪው፤ ዳላስ የነበሩበትን መንገድ ስም ብታውቂ ትልቅ እርዳታ ነው። የማታውቂ ከሆነ ከሱዳን አብረዋቸው የመጡ ጓደኞቻቸውን ጠይቂ። እነሱ አይረሱም።

ስሙን አገኘሽ እንበል። «ክሌም» የሚለውን ስትጫኚ ቢሮው ሁለት ነገር እንድታሳዪ ይጠይቅሻል። መዝገቡ ላይ ያለው ሰው አባትሽ መሆናቸውንና አንቺ በእሳቸው ቦታ ገንዘቡን ለመቀበል መብት እንዳለሽ።

ለመጀመሪያው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውና በዚያ አድራሻ መኖራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይፈለጋል። አባቶቻችን ወረቀት አይጥሉም። ሻንጣቸውን፣ የብስኩት ቆርቆሯቸውን፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ሁሉ ፈትሺ። የድሮ ደብልዩ-ቱ (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት)፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ አድራሻው ያለበት የመብራት ቢል ሁሉ ይጠቅማል። ዜግነት ወስደው ከሆነ የዜግነት ሰርተፊኬታቸውን በተለይ ፈልጊው። ስም ቀይረው ወይም አስተካክለው ከነበረ እሱ ያስረዳልሻል። በሁለት ዓይነት አጻጻፍ የተጻፈው ሰው አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ፈርሞ ማያያዝም ይቻላል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፋይሉን የሚያየውን ሠራተኛ አስቢው። ፊቱ ላይ ሦስት ሰዎች ይቀርቡለታል። አባትሽ በአያትሽ ስም፣ አንቺ በአባትሽ ስም፣ እናትሽ በራሳቸው አባት ስም። ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ናችሁ። እንግዲህ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶቹን አስተርጉመሽ አያይዢ። በላያቸው ላይ ደግሞ አንድ ገጽ የማትሞላ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጻፊ፦ በኢትዮጵያ ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም እንደሚይዝ፣ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትቀይር፣ ስለዚህ የሦስታችሁ ስም መለያየት የአገሩ ሥርዓት እንደሆነ። ማንም እንድትጽፊ አይጠይቅሽም። ካልጻፍሽው ግን ፋይሉ «ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ» እየተባለ ሊመላለስብሽ ይችላል።

አሁን ወንድምሽ ይስማኝ። አባታችሁ ኑዛዜ ስላልተዉ ወራሹን የሚለየው ሕጉ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሟች ሚስት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ገንዘቡ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሙሉው የእናታችሁ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት «70 በመቶው ይሻላል» ብሎ ለሌላ ሰው የሚቆርጠው የእናቱን ገንዘብ ነው። ሳይጠይቃቸው ሊፈርምበት አይገባም። አንቺም እንደዚያው።

ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ የአባትሽን ውርስ የሚያየው ሮክቪል ያለው የሬጅስተር ኦፍ ዊልስ ቢሮ ነው። ሜሪላንድ ለአነስተኛ ውርስ አጠር ያለ አሠራር አላት። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የወራሾቹን ስምና አድራሻ፣ ከስቴቱ ገጽ ያተምሽውን የገንዘቡን መረጃ ይዘሽ ሂጂ። ቢሮው ውርሱን የሚያስተዳድር ሰው ይሾማል። ኑዛዜ ከሌለ ሹመቱ ለሚስትም ለልጆችም እኩል የሚገባ ስለሆነ፣ አንቺ እንድትሆኚ ከእናትሽ የፈቃድ ጽሑፍ ትቀበያለሽ። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ፊርማ ያረጋግጣል፤ ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ያስከፍላል። ፎርሙን ከዚህ አዘጋጅተሽ ላኪላቸው። በአማርኛም ምን እንደሆነ ጽፈሽ አስቀምጪላቸው፤ ያልገባቸው ነገር ላይ እንዳይፈርሙ።

ገንዘቡ ቴክሳስ ከሆነ የቴክሳስ ቢሮ ለወራሾች የራሱ ፎርሞች አሉት። ወደ ሮክቪል ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ለዚህ መጠን ምን እንደሚበቃቸው ጠይቂ። አንዳንድ ስቴቶች ለትንሽ ገንዘብ የፍርድ ቤት ሹመት ሳይሹ በቃለ መሐላ ብቻ ይከፍላሉ። ቼኩ በውርሱ ስም ከወጣ ግን በግል አካውንትሽ ላይመነዘር ስለሚችል ባንክሽን አስቀድመሽ አማክሪ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። እውነተኛው የስቴት ቢሮ «ገንዘብህን ልልክልህ መጀመሪያ ክፈል» አይልም። የጊፍት ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። የባንክ ይለፍ ቃል አይጠይቅም። በዋትሳፕ አይደውልም። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ይዝጉት። በሌላ በኩል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቀው የክሌም ፎርም በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ገጹ የስቴቱ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ኤስ-ኤስ-አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ እናቶችና አባቶች ካሉ ደግሞ የአንድ ሰው የንብረት ጣሪያ 2,000 ዶላር ስለሆነ የመጣው ገንዘብ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መነገር አለበት። ደብቆ በኋላ ዕዳ ከመግባት ቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል። ያልተወሰደ የፌዴራል የገቢ ታክስ ተመላሽ ግን ሌላ ነው፤ እሱ እንደ ስቴቱ ገንዘብ አይጠብቅም። በአብዛኛው በ3 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል።

ወደ አንቺ ልመለስ። አባትሽ ለረጅም ዓመት ተቀጥረው ስለሠሩ አሠሪያቸው የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶላቸው ሊሆን ይችላል። ብዙ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም። የስቴት ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ነፃ የፍለጋ አገልግሎት አለው። የሟቹን መረጃ ሞልተሽ ስትልኪ ኩባንያዎቹ መዝገባቸውን ያያሉ፣ ያገኘ ኩባንያ ይጽፍልሻል። በዚህ አጋጣሚ የእናትሽንም ስም በስቴቶቹ መዝገብ ላይ ፈልጊ፤ እንደ አባትሽ በሁሉም አጻጻፍ። የኢንሹራንስ ተጠቃሚ ሆነው ተመዝግበው ከሆነ መዝገቡ ላይ የሚወጣው የእሳቸው ስም ነው፤ አድራሻቸውም ላይኖር ይችላል። በእሳቸው ስም ከተገኘ ክሌሙን የሚያቀርቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ካልተመቻቸው አንቺ በውክልና። የሮክቪሉ ጉዳይም እዚህ ውስጥ አይገባም።